ማዕበል የገለጠው ሳንቲም፦ ብረት መፈለጊያ መሣሪያ የሚሰማውና የማይሰማው

ለዶክትሬት ትምህርት ባሕር ማዶ በነበርኩበት ዘመን፣ በአሜሪካ የፍሎሪዳ ግዛት ምሥራቃዊ የባሕር ዳርቻ አንድ ማለዳ ያየሁት ትዕይንት እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልጠፋም። ለቀናት ሲናወጥ የሰነበተው ባሕር ገና ጋብ ማለቱ ነበር። ቀድሞ እንደ ምንጣፍ ተዘርግቶ የነበረው አሸዋ ተጠርጎ ሄዶ፣ በዳርቻው ላይ የሰው ቁመት የሚያህል ገደል ተፈጥሯል። ለመዋኘትና ለመዝናናት የሚመጣ ሰው አይታይም። በምትኩ ማዳመጫ በጆሯቸው ያደረጉ ጥቂት ሰዎች፣ ጫፉ ላይ ሰሃን የመሰለ ነገር የተገጠመለት ዘንግ ይዘው፣ እንደ አጫጅ ግራና ቀኝ እያወዛወዙ በዝግታ ይራመዳሉ። አልፎ አልፎ ቆም ይላሉ፤ ይንበረከካሉ፤ ይቆፍራሉ።

ከመካከላቸው አንድ አዛውንት መገረሜን አይተው መሣሪያቸውን አዋሱኝ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሦስት የጠርሙስ ቆርኪ፣ አንድ የጣሳ መክፈቻ ቀለበትና አንድ የዛገ ሚስማር አገኘሁ። አዛውንቱ ለእያንዳንዱ ግኝቴ፣ ለሚስማሩም ጭምር፣ ከኪሳቸው ደብተር አውጥተው አንድ ነገር ይጽፉ ነበር። ለቆርኪ ምን መዝገብ ያስፈልገዋል ብዬ በልቤ ሳቅሁ።

እኔ ሳንቲም ባላገኝም ጥያቄዎች ይዤ ተመለስኩ። ፈላጊዎቹ የሚመኟቸው አሮጌ ሳንቲሞች ወደዚያ ዳርቻ እንዴት መጡ? ከማዕበል በኋላ የሚገኙትስ ለምንድን ነው? መሣሪያው በአሸዋ የተሸፈነውን ነገር እንዴት ያውቃል? ውድ አንባቢያን፣ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህን ጥያቄዎች በፊዚክስ ዓይን መመልከት፣ በመጨረሻም መሣሪያው ፈጽሞ የማይመልሰው አንድ ጥያቄ መኖሩን ማሳየት ነው።

ሳንቲሞቹ ከየት መጡ?

እ.ኤ.አ. በጁላይ 1715 አሥራ አንድ የስፔንና አንድ የፈረንሳይ መርከቦች ከኩባ ወደብ ከሃቫና ተነሥተው ወደ አውሮፓ አመሩ። የስፔን መርከቦች ከአሜሪካ ቅኝ ግዛቶች የተሰበሰበ ብርና ወርቅ ጭነዋል። በፍሎሪዳ ዳርቻ ትይዩ ሲጓዙ ከባድ አውሎ ነፋስ ደረሰባቸው። ጁላይ 31 ሳይነጋ አሥራ አንዱም የስፔን መርከቦች ጠፉ፤ አንድ ሺህ ያህል ሰዎችም አለቁ። የፈረንሳዩ መርከብ ብቻ ከአደጋው አመለጠ። ከሞት የተረፉት መርከበኞች በዳርቻው ሠፈሩ፤ ስፔንም ጠላቂዎችን ልካ ከሀብቱ ከፊሉን አወጣች። የቀረው ግን እዚያው በአሸዋና በውኃ ውስጥ ኖረ።

ከጠፉት ሳንቲሞች ታዋቂው ስምንት ሪያል የሚባለው የብር ሳንቲም ነው። ክብደቱ 27 ግራም ያህል ነው። የማርያ ትሬዛን ብር በእጁ ይዞ የሚያውቅ አንባቢ መጠኑን በቀላሉ ሊገምት ይችላል፤ የማርያ ትሬዛ ብር 28 ግራም ያህል ይመዝናልና። ይሁን እንጂ የስፔኑ ሳንቲም እንደ ማርያ ትሬዛ ክብ አይደለም። ከብር ዘንግ እየተቆረጠ በእጅ መዶሻ የሚታተም ስለነበር ቅርጹ ያልተስተካከለ ነው፤ ብዙውን ጊዜም የተሠራበት ዓመት ከጠርዙ ውጭ ይቀራል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ኪፕ ዋግነር የተባለ የቤት ግንባታ ተቋራጭ በዚያው ዳርቻ እንዲህ ያሉ ሳንቲሞችን ይለቅም ጀመር። የዋግነር ትልቁ ግኝት ግን ብሩ ሳይሆን አንድ ቀላል አስተውሎት ነበር። ዓመታቸው ከሚነበብ ሳንቲሞች መካከል ከ1715 በኋላ የተሠራ አንድም አላገኘም። እንግዲህ ሳንቲሞቹ ባለፉት መቶ ዓመታት እየተንጠባጠቡ የወደቁ ሳይሆኑ ከአንድ አደጋ የመጡ መሆን አለባቸው። ዋግነር ከጦር ሠራዊት የተረፈ ፈንጂ መፈለጊያ ገዝቶ በዳርቻው ጀርባ ያለውን ቁጥቋጦ መረመረ፤ የተረፉት መርከበኞች የሠፈሩበትንም ቦታ አገኘ። የመርከቦቹ ስብርባሪ ራሱ የተገኘው ከዚህ በኋላ ነው።

ባሕር እንደ ሰፌድ

እናቶቻችን እህል በሰፌድ ሲያንገዋልሉ ያየ ሁሉ፣ በእንቅስቃሴ ብቻ ቀላሉና ከባዱ እንደሚለያይ ያውቃል። ባሕርም በዳርቻው ላይ የሚሠራው ይህንኑ ነው።

የአሸዋ ዋና ክፍል የሆነው ኳርትዝ እፍግታው ከውኃ 2.65 እጥፍ ነው። የብር 10.5፣ የንጹሕ ወርቅ ደግሞ 19.3 እጥፍ ነው። በውኃ ውስጥ ያለ ነገር በገፋው ውኃ ክብደት መጠን ስለሚቀል፣ ከእያንዳንዱ ቁጥር ላይ አንድ መቀነስ አለብን። በዚህ ስሌት አሸዋ 1.65፣ ብር 9.5፣ ወርቅ 18.3 ይሆናል። ስለዚህ በውኃ ውስጥ ብር በእኩል ይዘት ካለው አሸዋ 6 እጥፍ ያህል፣ ወርቅም 11 እጥፍ ያህል ይከብዳል።

መጠንም የራሱ ድርሻ አለው። ውኃ በወለል ላይ የተኛን ነገር ለማንቀሳቀስ የሚያስፈልገው ግፊያ፣ በግርድፉ ሲታይ፣ ይህ የውኃ ውስጥ ክብደት በውፍረቱ ተባዝቶ የሚገኘውን ያህል ያድጋል። ውፍረቱ 0.4 ሚሊ ሜትር የሆነ የአሸዋ ቅንጣትና ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር የሆነ የብር ሳንቲም ብናነጻጽር፣ ሳንቲሙን ለማንቀሳቀስ የሚያስፈልገው ግፊያ ከ40 እጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ አሸዋውን ጠራርጎ የሚወስድ ሞገድ ሳንቲሙን ባለበት ሊተወው ይችላል።

ሞገዱ ሲነቀንቀው ውኃ የጠገበው አሸዋ እንደ ወፍራም ሾርባ ይላላል፤ ከባዱ ነገር ወደ ታች ይሰምጣል፤ ከሸክላ ወይም ከድንጋይ የተሠራ ጠንካራ ንጣፍ ሲያገኝ ይቆማል። በዚህ የፍሎሪዳ ዳርቻ ከአሸዋው ሥር ኮኪና የሚባል፣ ከዛጎል ስብርባሪ የተገነባ ድንጋይ ይገኛል። ለሦስት መቶ ዓመታት ሲሰምጡ የኖሩ ሳንቲሞች ማረፊያ እንዲህ ያለው ንጣፍ ነው።

ታላቅ ማዕበል ሲመጣ አሸዋው ወደ ጥልቁ ይወሰዳል። ባሕሩ ሲረጋ ደግሞ ለስላሳዎቹ ሞገዶች መልሰው ያመጡታል። የፈላጊዎች ዕድል በእነዚህ ሁለት ጊዜያት መካከል ያለች ጠባብ በር ናት። እ.ኤ.አ. በ2004 ፍራንሲስና ጂን የተባሉ ሁለት አውሎ ነፋሶች ሴፕቴምበር 5 እና ሴፕቴምበር 26 ቀን በዚሁ አካባቢ አንድ ቦታ ለማለት በሚያስደፍር ቅርበት ወደ የብስ ገቡ። የመጀመሪያው የወሰደው አሸዋ ሳይመለስ ሁለተኛው ደረሰ ማለት ነው። ለነዋሪዎቹ ጥፋት የነበረው ለፈላጊዎች የተከፈተ በር ሆነ። በተቃራኒው፣ የተሸረሸረውን ዳርቻ ለመጠገን ከሌላ ቦታ አሸዋ ሲሞላ ሳንቲሞቹ ይበልጥ ይቀበራሉ።

መሣሪያው እንዴት ይሰማል?

የብረት መፈለጊያ መሣሪያ ሥራ የተመሠረተው ማይክል ፋራዳይ እ.ኤ.አ. በ1831 ባገኘው ኤሌክትሮማግኔታዊ ኢንዳክሽን ላይ ነው። ሂደቱን በአራት ደረጃ ልንከፍለው እንችላለን።

አንደኛ፣ በዘንጉ ጫፍ ላይ ባለው ሰሃን ውስጥ የተጠመጠመ ሽቦ አለ። በዚህ መጠምጠሚያ ውስጥ በሰከንድ በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ አቅጣጫውን የሚለዋውጥ ኤሌክትሪክ ይፈስሳል። ሁለተኛ፣ ይህ ኤሌክትሪክ በዙሪያው ተለዋዋጭ መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል፤ መስኩም ወደ አሸዋው ይዘልቃል። ሦስተኛ፣ መስኩ ሳንቲም ሲያገኝ በሳንቲሙ ውስጥ እንደ ውኃ አዙሪት የሚሽከረከር የኤሌክትሪክ ፍሰት ያስነሣል፤ አዙሪት ጅረት እንበለው። አራተኛ፣ አዙሪት ጅረቱ በተራው የራሱን ደካማ መስክ ይፈጥራል። በሰሃኑ ውስጥ ያለ ሁለተኛ መጠምጠሚያ ይህን ምላሽ ተቀብሎ ወደ ድምፅ ይለውጠዋል። መሣሪያው ሳንቲሙን አያየውም፤ አንድ ጥያቄ ይጠይቀዋል፣ ምላሹንም ያዳምጣል።

አዙሪት ጅረትን በቤታችሁ ማየት ትችላላችሁ። ከተበላሸ ኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ የወጣ ጠንካራ ማግኔት ወፈር ባለና በተጋደመ የአልሙኒየም ዝርግ ላይ አንሸራቱ፤ ከዚያም በእኩል ያጋደመ ለስላሳ ጣውላ ላይ ድገሙት። ማግኔት አልሙኒየምን አይስብም። ሆኖም በአልሙኒየሙ ላይ ሲወርድ የሆነ ነገር እንደያዘው ሁሉ ይዘገያል። የያዘው የራሱ እንቅስቃሴ ያስነሣው አዙሪት ጅረት ነው።

ይህን ሐሳብ በሰው ሕይወት ላይ ከሞከሩት ቀደምት ሰዎች አንዱ የስልክ ፈልሳፊው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1881 በጥይት የቆሰሉት የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጋርፊልድ አካል ውስጥ ያለውን ጥይት ለማግኘት መሣሪያ ሠርቶ ሞከረ፤ አልተሳካም። ፕሬዚዳንቱ የተኙበት ፍራሽ የብረት ሽቦ ነበረበትና መሣሪያው እርሱንም ይሰማ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፖላንዳዊው መኮንን ዩዜፍ ኮሳትስኪ በእጅ የሚያዝ ፈንጂ መፈለጊያ ሠራ። ዋግነር ከጦር ሠራዊት ትርፍ የገዛው መሣሪያም የዚያ ዘመን ውጤት ነው። በአገራችንም እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2000 ከተካሄደው ጦርነት በኋላ የተቀበሩ ፈንጂዎችን ለማምከን የተሠማሩ ባለሙያዎች የተራመዱት በዚሁ መርህ የሚሠራ መሣሪያ ይዘው ነው።

ጥልቀት ለምን ጠላት ሆነ?

ብዙ ሰዎች አሸዋው መስኩን የሚያግድ ይመስላቸዋል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ድግግሞሹ በሰከንድ 10,000 ጊዜ ለሆነ መስክ፣ በጨው ውኃ ውስጥ እንኳ ለመድከም ከ2 ሜትር በላይ መጓዝ ይኖርበታል። የሚያሸንፈን ርቀቱ ራሱ ነው።

ከመጠምጠሚያው ራቅ ስንል መግነጢሳዊ መስኩ በርቀቱ ሦስተኛ ርቢ መጠን ይቀንሳል፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን መስኩ 8 ጊዜ ይደክማል። ከሳንቲሙ የሚመለሰው ምላሽም በመንገዱ እንዲሁ 8 ጊዜ ይደክማል። 8 በ8 ሲባዛ 64 ነው። በእጥፍ ጥልቀት ያለውን ሳንቲም ለመስማት የ64 እጥፍ ብልጫ ያስፈልጋል ማለት ነው። አንድን ሳንቲም ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት የሚሰማ ጥሩ መሣሪያ አንድ ሜትር ላይ ደንቆሮ የሚሆነው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ማዕበሉ እንመለስ። ሳንቲሙ 80 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ነበር፤ ማዕበሉ 60 ሳንቲ ሜትር አሸዋ ጠረገ እንበል። ጥልቀቱ በአራት እጥፍ ስለቀነሰ ምላሹ፣ በዚያው ሕግ፣ 4,096 ጊዜ ያድጋል። መጠምጠሚያው የራሱ ስፋት ስላለው እውነተኛው ቁጥር ከዚህ ያንሳል፤ 26 ሳንቲ ሜትር ስፋት ላለው መጠምጠሚያ ስናሰላው 1,500 ያህል ይሆናል። ይህን ያህል ብልጫ ባትሪ በመጨመር አይገኝም። አንድ ሌሊት የተናወጠ ባሕር ያደረገውን መሐንዲስ በብዙ ዓመት ድካምም አያደርገውም።

ጨውና ጥቁር አሸዋ

የባሕር ዳርቻ ለመሣሪያው ሁለት ወጥመድ ያዘጋጃል። የመጀመሪያው ጨው ነው። የብር ኤሌክትሪክ አስተላላፊነት ከባሕር ውኃ ከ12 ሚሊዮን እጥፍ በላይ ነው። ሳንቲሙ ግን አንዲት ቁራጭ ስትሆን ውኃው መላውን ዳርቻ ይሞላል፤ ደካማው ምላሽ ከብዙ ቦታ ተጠራቅሞ የሳንቲሙን ድምፅ ሊውጠው ይችላል። ሁለተኛው ጥቁር አሸዋ ነው። ማግኔታይት የሚባለው የብረት ማዕድን እፍግታው ከውኃ 5.2 እጥፍ ስለሆነ፣ ሳንቲሙን ያስቀረው ማዕበል እርሱንም አብሮ ያስቀረዋል። ጥቁር አሸዋ ለፈላጊው የምሥራችም ችግርም ነው፤ ከባድ ነገር የሚከማችበትን ቦታ ይጠቁማል፣ መሣሪያውን ግን ያደናግራል።

ለጨው መፍትሔው ጊዜን መጠቀም ነው። የልብ ምት ዓይነት አጭር ኤሌክትሪክ የሚልኩ መሣሪያዎች አሉ። ኤሌክትሪኩ በድንገት ይቋረጥና መሣሪያው ጥቂት ይታገሣል። በጨው ውኃ ውስጥ የተነሣው አዙሪት በጥቂት ማይክሮ ሰከንድ ውስጥ ይሞታል፤ ማይክሮ ሰከንድ የሰከንድ ሚሊዮንኛ ክፍል ነው። በወፍራም የብር ሳንቲም ውስጥ የተነሣው ግን መቶ ማይክሮ ሰከንድና ከዚያም በላይ ይቆያል። ውኃው ዝም ሲል ሳንቲሙ ገና እየተናገረ ነው።

መሣሪያው የማይነግረን

ይህ ሁሉ ጥበብ ወሰን አለው። አዙሪቱ የሚቆይበት ጊዜ በብረቱ ዓይነት ብቻ አይወሰንም፤ መጠኑ፣ ውፍረቱና ቅርጹም ይወስኑታል። በዚህ ምክንያት ቀጭን የወርቅ ቀለበትና የጣሳ መክፈቻ ቀለበት አንድ ዓይነት ምላሽ ሊሰጡ ይችላሉ። እኔም በዚያ ማለዳ ያንን የአልሙኒየም ቀለበት ልቤ እየመታ የቆፈርኩት ወርቅ ያህል ጥሩ ድምፅ ስለሰጠኝ ነው።

ሳንቲሙ ከወጣም በኋላ ጥያቄው አያበቃም። መቼ ወደቀ? ማን ጣለው? ዓመቱ ተጽፎበታል የሚል ተማሪ የማርያ ትሬዛን ብር ያስታውስ። ንግሥቲቱ እ.ኤ.አ. በ1780 ካረፉ በኋላ ለተከታታይ ትውልዶች በተለያዩ አገሮች የታተመው ብር ሁሉ 1780 የሚል ዓመት ይዟል። በ1780 እና በ1930ዎቹ የተሠሩት በጽሑፋቸው አይለዩም። በሳንቲም ላይ ያለ ዓመት የሚነግረን ሳንቲሙ ከዚያ ቀድሞ እንዳልወደቀ ብቻ ነው።

የቀረውን የሚነግረን አድራሻው ነው፤ በየትኛው ንጣፍ፣ በምን ጥልቀት፣ ከምን ጋር አብሮ እንደተገኘ። ዋግነር መርከቦቹን ያገኘው አንድ ሳንቲም ስላገኘ አልነበረም። የትኞቹ ሳንቲሞች የት አብረው እንደሚገኙ፣ የትኞቹስ እንደማይገኙ ስላስተዋለ ነው።

ከፍሎሪዳ ዳርቻ ወደ አክሱም ማሳ

በማዕበል በሚገለበጥ ዳርቻ ላይ ያለ ሳንቲም ከአድራሻው አብዛኛውን ባሕሩ ሰርዞበታል። በደረቅ መሬት ውስጥ የተኛ ሳንቲም ግን አድራሻው ገና አልጠፋም። ይህ ልዩነት ለእኛ ሩቅ ጉዳይ አይደለም፤ የአክሱም ሳንቲሞች ባሉበት መሬት ላይ የማዕበሉን ሥራ የሚሠራው ክረምቱ ነው። ዝናብ አፈሩን ሲያጥብ ትንንሽ የነሐስ ሳንቲሞች በማሳ ላይ ብቅ ይላሉ።

አክሱም ከ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገባደጃ እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የወርቅ፣ የብርና የነሐስ ሳንቲም አሳትማለች። ከንጉሥ እንዱቢስ ጀምሮ ከታወቁት ነገሥታት መካከል በርካቶቹ ስማቸው የተረፈው በሳንቲማቸው ላይ ብቻ ነው። ከስፔኑ ሳንቲም በተለየ በአክሱም ሳንቲም ላይ ዓመተ ምሕረት አይጻፍም። ታዲያ ማን ከማን በፊት እንደነገሠ በምን እናውቃለን? ከሳንቲሙ ክብደትና ሥዕል በተጨማሪ፣ ከተገኘበት ንጣፍና አብረውት ከተገኙት ነገሮች ነው። በየመን አል ማድሃሪባ በተባለ ቦታ የሮማና የአክሱም የወርቅ ሳንቲሞች በአንድነት ተቀብረው ተገኝተዋል። የሮማ ነገሥታት ዘመን ስለሚታወቅ አብረዋቸው የነበሩት የአክሱም ሳንቲሞችም የዘመን ምስክር አገኙ። ያ ክምችት በስውር ተበታትኖ አንድ በአንድ ተሽጦ ቢሆን ወርቁ አይጎድልም፤ ምስክርነቱ ግን ይጠፋ ነበር።

ስለዚህ አንድ ሰው በአክሱም ማሳ ላይ መፈለጊያ ይዞ ጉድጓድ እየማሰ ሳንቲም ቢለቅም፣ ከታሪካችን መጽሐፍ ቃሉን ወስዶ ገጹን ይቀድዳል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ መፈለግን የሚከለክለው፣ በአጋጣሚ የተገኘም እንዲታወቅ የሚያዝዘው በከንቱ አይደለም። ውጊያ በተካሄደባቸው አካባቢዎች ደግሞ ሌላ ብርቱ ምክንያት ይጨመራል፤ መሣሪያው ሳንቲምንና ፈንጂን በእርግጠኝነት አይለይም፣ ቆፋሪውም ስህተቱን የሚያርምበት ዕድል ላያገኝ ይችላል። በማሳ ወይም በመንገድ ሳንቲም ያየ ተማሪ ባለበት ቢተወው፣ ቦታውን ምልክት አድርጎ ለአካባቢው የባህል ጽሕፈት ቤት ቢያመለክት፣ ከማንኛውም መሣሪያ የበለጠ ሥራ ሠርቷል።

በዚያ ማለዳ ከመለያየታችን በፊት ያን ደብተር እንዲያሳዩኝ አዛውንቱን ጠየቅኋቸው። እያንዳንዱ ገጽ የዳርቻው ንድፍ ነበረበት፤ በንድፉም ላይ ቀን፣ ከአንድ ቋሚ ምሰሶ የተለካ ርቀት፣ ጥልቀትና የተገኘው ነገር ሰፍሯል። የእኔ ሚስማር እንኳ ቦታ ነበራት። ሚስማሮች የት የት እንደተሰበሰቡ ሲታይ የመርከብ እንጨት የት እንደተሰባበረ ሊታወቅ እንደሚችል አስረዱኝ። ከዚያ በኋላ በቆርኪው አልሳቅሁም።